ሕፃን ከመሞቱ በፊት፦ ለጎረቤት፣ ለዘመድና ለዕድር የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

በጤና ጣቢያ የሕፃናት ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ከሕፃን ሞት ባልተናነሰ የከበደኝ ከቀብር በኋላ በለቅሶ ድንኳን ውስጥ የሚሰማው ንግግር ነበር። አንዲት ጎረቤት «ባለፈው ሳምንት ጆሮው ሥር በልዞ አይቼው ነበር» ትላለች፤ ሌላዋ «ሌሊት ሌሊት ሲያለቅስ ይሰማኝ ነበር» ትላለች፤ አክስቱ ደግሞ «በጣም ከስቶ ስለነበር ወስጄ እኔ ጋ ላቆየው አስቤ ነበር» ብላ ታለቅሳለች። ሦስቱም የየድርሻቸውን አይተዋል፤ ያዩትን ግን በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ፣ ለአንድ ሰው አልተናገሩም። «የሰው ገመና ነው» የሚለው ቃል አፋቸውን ይዞት ነበር።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለእነዚህ ሦስት ሴቶችና ለመሰሎቻቸው ነው። ፖሊስም ሐኪምም ወደ አንድ ቤት የሚደርሱት ብዙውን ጊዜ ዘግይተው ሲሆን፣ በግድግዳ የሚለየው ጎረቤት፣ ቡና የሚጣጣው ሰፈርተኛና ወርኃዊ መዋጮ የሚሰበስበው ዕድር ግን በየዕለቱ እዚያው ናቸው። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች በአገራችን ያለውን አሠራርና ሕግ መሠረት ያደረጉ ናቸው።

የመጀመሪያው እርምጃ፦ ለአደጋ የቀረበውን ሕፃን መለየት

በድብደባም ሆነ በቸልተኝነት ሕይወታቸው የሚጠፋው በአብዛኛው በጣም ትንንሾቹ ናቸው፤ ከሁሉም በላይ የሚያሰጋው ደግሞ የመጀመሪያው ዓመት ነው። የዚህ ዕድሜ ሕፃን ሮጦ አያመልጥም፣ የደረሰበትን አይናገርም፣ ትምህርት ቤት ስለማይሄድም ከቤት ውጭ የሚያየው ሰው የለም። ስለዚህ የአራስ ጥየቃው ወቅት አልፎ እንግዳ ሲጠፋ ጥየቃችሁን አታቋርጡ፤ ገንፎው የተበላበት ሳምንት ሳይሆን ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለትና ሦስት ወራት ናቸው እናቲቱ ብቻዋን የምትቀርባቸው።

በተለይ ልብ ልትሏቸው የሚገቡ ቤቶች አሉ። መንታ የተወለደበት፣ አካል ጉዳት ያለበት ልጅ ከሰው ዓይን የሚደበቅበት፣ እናት ከወለደች በኋላ ፊቷ የጠፋባት፣ የማትተኛ፣ ልጇን የማታይ ወይም ለመረዳት የሚያስቸግር ነገር የምትናገር ከሆነች፣ ባል ሚስቱን የሚደበድብበት ቤት ሁሉ የቅርብ ክትትል ያስፈልገዋል። እናቱ ሠርታ ልትልክ ወደ ዓረብ አገር ሄዳ ከዘመድ ዘንድ የቀረ ልጅና «ላስተምራት» ተብላ ከገጠር መጥታ የቤት ሥራ የምትሠራ ልጅም ከዚህ ይደመራሉ፤ እነዚህ ሁለቱ የሚከራከርላቸው ሰው በአጠገባቸው ስለሌለ በእኔ ግምት ከሁሉ ይበልጥ የተረሱት እነርሱ ናቸው።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ይለይ። ድህነት ወንጀል አይደለም። የምታበላው አጥታ ልጇ የከሳባት እናት የሚያስፈልጋት እህልና ሕክምና ነው፤ ቤት ውስጥ ሌሎቹ ልጆች ጠግበው አንዱ ብቻ ተለይቶ የሚራብ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ፦ ምልክቶቹን ማወቅ

ይህን አንድ ደንብ በቃላችሁ ያዙ፤ ተደግፎ መቆም ያልጀመረ ሕፃን በራሱ አይበልዝም ማለት ይቻላል። ድክ ድክ የሚል ልጅ ጉልበቱን፣ ቅልጥሙንና ግንባሩን ይጋጫል፤ ይህ የተለመደ ነው። በጀርባ፣ በሆድ፣ በደረት፣ በመቀመጫ፣ በጆሮና በአንገት ላይ የሚታይ ብልዘት ግን ከአራት ዓመት በታች ባለ ልጅ ላይ በአብዛኛው የመውደቅ ምልክት አይደለም፤ ከአራትና ከአምስት ወር በታች ባለ ሕፃን ደግሞ ሰውነቱ ላይ የትም ቦታ ይታይ፣ ምንም ያህል ትንሽ ይሁን፣ በዚያው ቀን ሐኪም ሊያየው ይገባል። በጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ብልዘት በቀላሉ ስለማይታይ በቀን ብርሃን ተመልከቱ፤ ያበጠ፣ የጠነከረ ወይም ሲነካ ሕፃኑን የሚያስለቅስ ቦታ ካለ ያንኑ ምልክት አድርጋችሁ ያዙት። በሌላ በኩል ብዙ የእኛ አገር ሕፃናት ሲወለዱ ጀምሮ ከወገባቸው በታችና በመቀመጫቸው ላይ ሰማያዊ ግራጫ ጥላ ይኖራቸዋል፤ ይህ አያምም፣ አያብጥም፣ በቀናት ውስጥም ቀለሙን አይለውጥም፤ ስለዚህ ሰው ያለ ጥፋቱ እንዳይወነጀል እናቲቱን «ሲወለድ ነበረው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የእሳትና የፈላ ውኃ ጉዳትም የራሱ ቋንቋ አለው። ልጅ ራሱ ላይ ሻይ ወይም ወጥ ሲደፋ ቃጠሎው ተረጭቶ፣ ወጣ ገባ ብሎ ይታያል። ሁለቱም እግሮቹ እንደ ካልሲ እኩል ቦታ ላይ ያለቀ ጥርት ያለ መስመር ካላቸው ግን ልጁ ውኃው ውስጥ ተይዞ ሊሆን ይችላል። የላይኛውን ከንፈር ከድድ ጋር የሚያያዘው ቀጭን ሥጋ መሄድ ባልጀመረ ሕፃን አፍ ውስጥ ተቀዶ ከተገኘ፣ በግድ ሲጎርስ ወይም አፉን ሲመታ የደረሰ መሆኑን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ከቁስሉ ባልተናነሰ ንግግሩን አድምጡ። የሦስት ወር ሕፃን «ከአልጋ ላይ ተንከባልሎ ወደቀ» ሲባል በዚያ ዕድሜ በራሱ መገልበጥ ይችል እንደሆነ አስቡ። አባት አንድ ነገር፣ እናት ሌላ ነገር ከተናገሩ፣ ጉዳቱ ሰኞ ደርሶ ሐኪም ዘንድ የመጣው ሐሙስ ከሆነ፣ ወይም በየጊዜው የሚሄዱበት ጤና ጣቢያ የሚለያይ ከሆነ እነዚህ ሁሉ ተደምረው መታየት አለባቸው።

የረኃብ ቸልተኝነት ዝምተኛ ነው። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ የግራ ክንዱ የላይኛው ክፍል መሐል ላይ ሲለካ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ለሕይወት የሚያሰጋ ከባድ የምግብ እጥረት አለበት ማለት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚይዙት ባለ ቀለም መለኪያ ይህን በቀይ ያሳያል። መለኪያ ባይኖራችሁም ሁለቱንም እግሮች ከላይ በአውራ ጣት ለሦስት ሰከንድ ያህል ተጫኑ፤ ጣታችሁ ሲነሣ ጉድጓዱ ካልሞላ ልጁ «ወፍሯል» ቢባልም ያበጠ ነው፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋማት ይሰጣል፤ ብዙዎቻችሁም ፕላምፒ ነት የሚባለውን ምግብ ታውቁታላችሁ። ያንን ምግብ ለታመመው ልጅ ብቻ መስጠት እንዳለባቸው ለቤተሰቡ ንገሩ፤ ሲከፋፈሉት ወይም ሲሸጡት አይቻለሁ።

ሦስተኛው እርምጃ፦ የለቅሶውን ሰዓት ማሻገር

ጤነኛ ሕፃን ከተወለደ ከሁለት ሳምንት ገደማ ጀምሮ ለቅሶው እየጨመረ ይሄዳል፤ በስድስተኛውና በስምንተኛው ሳምንት አካባቢ ይከፋል፤ ከሦስት እስከ አምስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ደግሞ ይቀንሳል። ብዙ ጊዜ የሚያለቅሰው አመሻሽ ላይ ሲሆን፣ ጠብቶ፣ ደርቆና ታዝሎም ላይተው ይችላል። ወላጆች ይህን አስቀድመው ካላወቁ ለቅሶውን እንደ ክፋት ወይም እንደ ራሳቸው ውድቀት ይቆጥሩታል፤ አንድ ሰው ሕፃኑን በሁለት እጁ ይዞ የሚንጠውም በዚህ ሰዓት ነው።

መናጥ ለምን እንደሚገድል በግልጽ ይነገር። የሕፃን ራስ ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው፤ አንገቱ ደካማ ነው፤ አንጎሉን ከራስ ቅሉ ጋር የሚያገናኙት የደም ሥሮችም ቀጭን ናቸው። ሲናጥ አንጎሉ ወዲያና ወዲህ ይላተማል፣ የደም ሥሮቹ ይበጠሳሉ፣ አንጎሉ ያብጣል። በውጭ አንዳች ቁስል ላይታይ ይችላል። ትኩሳትና ተቅማጥ ሳይኖር ደጋግሞ ማስመለስ፣ መፍዘዝ፣ ጡት አልይዝ ማለት፣ የትንፋሽ መቆራረጥ፣ መንዘፍዘፍ፣ የእርግብግቢት መወጠር ሲታይ ሕፃኑን አስተኝቶ «ደክሞት ነው» ማለት አይገባም፤ በዚያው ደቂቃ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ለሐኪሙም «ሳይናጥ አልቀረም» ብላችሁ እውነቱን ተናገሩ፤ እውነቱን ያልሰማ ሐኪም በሌላ በሽታ ጠርጥሮ ሰዓት ሊያጠፋ ይችላል።

ታዲያ ለቅሶው ሲበረታ ምን ይደረግ? ሕፃኑ ርቦት፣ እርጥብ ሆኖ፣ በርዶት ወይም ትኩሳት ይዞት እንደሆነ ይታይ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ካልተወ፣ ያዥውም ደሙ እየፈላ እንደሆነ ከተሰማው፣ ሕፃኑን ሊወድቅ በማይችልበት ቦታ በጀርባው አስተኝቶ፣ በሩን መለስ አድርጎ፣ ለጥቂት ደቂቃ ወደ ውጭ ይውጣ፤ ፊቱን ይታጠብ፣ ጎረቤት ይጥራ፤ ተመልሶም ሕፃኑን ይየው። በደኅና ቦታ ተኝቶ አሥር ደቂቃ ያለቀሰ ሕፃን በለቅሶው አይሞትም። ይህን ለእናት ብቻ ሳይሆን ለአባት፣ ለእንጀራ አባት፣ ለአጎትና ለሞግዚት ንገሩ፤ ለአራስ ቤት የሚሰጠው ምክር ሁሉ ለሴቶች ብቻ መነገሩ ትልቅ ጉድለታችን ነው።

አንድ ምሽት አንዲት የሰፈራችን ሴት አራስ ልጇን እንደታቀፈች በሬን አንኳኳች። ያለችኝ «ያዢልኝ» ብቻ ነበር። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሕፃኑን ተቀበልኳት፤ እርሷ ደጃፌ ላይ ቁጭ ብላ ግማሽ ሰዓት ያህል አለቀሰች፤ ከዚያም ውኃ ጠጥታ፣ ልጇን አዝላ ተመለሰች። በየሰፈሩ እንዲህ ሌሊትም ቢሆን ሊንኳኳ የሚችል አንድ በር አስቀድማችሁ መርጣችሁ፣ ለአራሷ «ማንኛውም ሰዓት ላይ ነይ» ብላችሁ ንገሯት።

አራተኛው እርምጃ፦ ተቆልፎባቸው የሚውሉትን ልጆች ማስከፈት

የቀን ሥራ የምትሠራ እናት ሁለት ልጆቿን ቤት ቆልፋባቸው ስትወጣ ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ ታላቋ ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። ውስጥ ያልጠፋ ከሰል፣ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ የተቀመጠ ላምባ ወይም በረኪና፣ ውኃ የተሞላ ባልዲ ይኖራል። ሕፃን በጥቂት ሴንቲ ሜትር ውኃ ውስጥ በግንባሩ ከወደቀ መነሣት ስለማይችል ባልዲና ሳፋ ተደፍተው ይዋሉ። ላምባ የጠጣ ልጅ እንዲያስመልስ አይደረግ፤ ሲወጣ ወደ ሳንባው ገብቶ ይገድለዋልና። በተዘጋ ቤት ከሰል አንድዶ ማደር ሽታ በሌለው ጋዝ ቤተሰብን ሙሉ ይጨርሳል። የተቃጠለውን ቦታ ለሃያ ደቂቃ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ እንጂ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙናና ጭቃ መቀባት አይገባም።

ይሁን እንጂ እናቲቱን በመገሠጽ ብቻ ቁልፉ አይከፈትም፤ ሥራ ካልሄደች ማታ የሚበላ የለም። ዕድሩ ወይም የቡና ማኅበሩ ተቀምጦ አምስት ስድስት እናቶችን በተራ የሚያስጠብቅ መርሐ ግብር ያውጣ፤ አንዲት ቤት የምትውል አሮጊት ትንሽ ገንዘብ እየተዋጣላት ልትይዝላቸውም ትችላለች፤ የማቆያ ቦታ በወረዳው ካለ ምዝገባውን አብሯት ሄዶ የሚጨርስላት ሰው ይመደብ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ደንግጎ ነበር፤ በመሥሪያ ቤታችሁ ከሌለ በጽሑፍ ጠይቁ።

አምስተኛው እርምጃ፦ «ለልጁ ብለን» የሚደረገውን ማስቆም

ግግ ማስነቀል፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ ለአራስ ሕፃን ቅቤ ማዋጥ፣ እትብቱን እበት መቀባት፣ ክትባት መከልከል ሞት ወይም ጉዳት ሲያስከትሉ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 561 እና 562 የሚያስቀጡ ድርጊቶች ናቸው። የሚያደርጉት ሰዎች ልጃቸውን የሚወዱ ናቸው፤ የሕፃኑ ደም ግን ይፈሳል፣ በቆሸሸ ምላጭም መንጋጋ ቆልፍ ይገባል። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ግግ ስላለው አይደለም፤ ኦአርኤስ፣ ዚንክና የእናት ጡት ያስፈልገዋል። በበርበሬ ማጠንም ከዚሁ ይመደባል፤ የሕፃን የመተንፈሻ ቧንቧ ጠባብ በመሆኑ ጢሱ ሊዘጋው ይችላል፤ በየትኛውም ዕድሜ እንደ ቅጣት መጠቀሚያ ሊሆን አይገባም።

ስድስተኛው እርምጃ፦ ወላጅን ማነጋገር

የምትነግሯት ነገር ሳይሆን አነጋገሩ በሩን ሊያዘጋባችሁ ይችላል። ሰው ፊት አታናግሯት፤ ባዶ እጃችሁንም አትሂዱ፤ አጥሚትም ሆነ ሳሙና ይዛችሁ ግቡ። በዕድሜ የምትበልጧት ከሆነ «የኔ ልጅ፣ ስድስት ስወልድ አንዳንድ ቀን ወርውሪው ወርውሪው ይለኝ ነበር፤ አንቺስ እንዴት ሆነሻል?» ብሎ መጀመር «ለምን ትመቺዋለሽ?» ከማለት የተሻለ ነው። እርሷ የምትበልጥ ከሆነች «እትዬ፣ ልጁ ሌሊት ሲያለቅስ ሰማሁና አሳሰበኝ፤ ዛሬ እኔ ልያዘው፣ እርስዎ ትንሽ ይረፉ» ይባላል። ከዚያም ሕፃኑን ታቀፉት፣ ልብሱን ለውጡለት፤ ሰውነቱን የምታዩት ያኔ ነው።

እናቲቱ ራሷን ወይም ልጇን ስለመጉዳት ከተናገረች፣ ማንም የማይሰማውን ድምፅ የምትሰማ ከሆነች ብቻዋን ከሕፃኑ ጋር አትተዋት። ጸበል መሄድ የምትፈልግ ከሆነ ሐኪም ካያት በኋላና ሕፃኑ በሌላ ሰው እጅ ሆኖ ይሁን፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ሰባተኛው እርምጃ፦ ማሳወቅና መጻፍ

ብልዘት የታየበት ጨቅላ፣ የተቃጠለ፣ የተሰበረ፣ ራሱን የሳተ ወይም ሆን ተብሎ የሚራብ ልጅ ካለ ምክር የሚሰጥበት ጊዜ አልፏል። ድብደባው እየተፈጸመ ከሆነ ፖሊስን በ991፣ የተጎዳ ልጅ ካለ አምቡላንስን በ907 ጥሩ። አጣዳፊ ካልሆነ በወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ በፖሊስ ጣቢያ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ወይም በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በኩል ማመልከት ይቻላል። የወሲብ ጥቃት ከተጠረጠረ ልጁ ሳይታጠብ፣ ልብሱም ሳይታጠብ፣ ሕክምናውና የሕግ ሥራው በአንድ ቦታ ወደሚሰጥበት ማዕከል ይወሰድ፤ በአዲስ አበባ የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ማዕከል ከነዚህ አንዱ ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት በደብተር ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያያችሁትንና የሰማችሁትን ቃል በቃል ጻፉ። «አባቱ ይደበድበዋል» ከሚል ይልቅ «ማክሰኞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የመገረፍ ድምፅ ሰማሁ፤ ረቡዕ ጠዋት በጀርባው ላይ ሁለት ሰንበር አየሁ» የሚለው ለመርማሪው ይጠቅማል። ልጁን ደጋግማችሁ አትመርምሩት፤ አንድ ጊዜ የነገራችሁን ስሙ፣ «ደግ አደረግህ የነገርከኝ» በሉት። ፎቶውን ለፖሊስና ለሐኪም ስጡ እንጂ በፌስቡክና በቲክቶክ አትልቀቁት።

የሕጉን ጉዳይ የሚጠይቃችሁ ሰው አይጠፋም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 የሕፃናትን መብት ይዘረዝራል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576 ልጅን የሚያሳድግ ሰው ቢያሠቃይ፣ ቢጥል፣ ያለ አቅሙ ቢያሠራ ወይም ቢደበድብ እስከ ሦስት ወር በሚደርስ ቀላል እስራት እንደሚቀጣ፣ ከባድ ጉዳት ሲያስከትል ደግሞ ቅጣቱ ከአንድ ዓመት የማያንስ ቀላል እስራትና የቤተሰብ መብትን ማጣት እንደሚሆን ይደነግጋል። አንቀጹ ከሕግ ጋር የማይጋጭ የተግሣጽ እርምጃን አይነካም፤ ይህችን ሐረግ ይዘው የሚከራከሩ ወላጆች አጋጥመውኛል፤ ጨቅላ ሕፃንን መምታት ግን በምንም ትርጉም ማረም ሊሆን አይችልም። በብርቱ አደጋ ላይ ያለን ሰው እየቻሉ ሳይረዱ መተውም በአንቀጽ 575 ያስጠይቃል።

እዚህ ላይ ሽማግሌዎችን አደራ እላለሁ። ባልና ሚስትን ማስታረቅ የተከበረ ሥራ ነው፤ እጁ የተሰበረን ሕፃን ከሰበረው ሰው ጋር ማስታረቅ ግን አይቻልም፤ ሕፃኑ ይቅርታ አልጠየቀም፣ አልተጠየቀምም፣ ማታ የሚያድረው ግን እዚያው ቤት ነው። ክስ እንዲቋረጥ ከመሄዳችሁ በፊት ልጁ ከማን ጋር እንደሚያድር ወስኑ፤ ለጊዜው ወደ አያቱ ወይም ወደ አክስቱ የሚሄድ ከሆነም ጽሕፈት ቤቱ አውቆት፣ በጽሑፍ ይሁን።

ስምንተኛው እርምጃ፦ ሞት ከደረሰ ቀብሩን ማዘግየት፣ የቀሩትን ማዳን

በእኛ ባህል አስከሬን አያድርም፤ የሕፃን ቀብር ደግሞ በጥቂት ሰዎች በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። ታሞ ያልሰነበተ ሕፃን በድንገት ሞተ ሲባል ዕድሩ ጉድጓዱን ከማስቆፈሩ በፊት ለፖሊስ ይንገር፤ ፖሊስም አስከሬኑን ወደ ሕክምና ምርመራ ይልካል። ቤተሰቡ ንጹሕ ከሆነ ሐሜቱን የሚያጠፋለት ይህ ምርመራ ነው። የተፈጸመ ጥፋት ካለ ደግሞ በዚያ ቤት ውስጥ የሚያድር ሌላ ልጅ ይኖራልና፣ ድንኳኑ ተጥሎ ሰው ለእናትና ለአባት ሲያለቅስ ከመካከላችሁ አንዲት ሴት ተነሥታ ታላቅ እህቱን ትፈልጋት። የት እንዳደረች፣ ምን እንደበላች ትጠይቃት፤ እጇን ይዛ ወደ ቤቷ ትውሰዳት፤ በማግስቱም ሐኪም ልብሷን አውልቆ፣ ጀርባዋንና የጆሮዋን ሥር አይቶ፣ ያየውን በካርዷ ላይ እንዲጽፍ ታድርግ።